እኔ ነኝ

ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ቆርቆሮው ሌላ ነገር አያሰማም።

ያ የሶፕ ሰርቪስ፣ ፕሮግራሜ በኔትወርክ መልእክት የሚልክለት ሌላ ፕሮግራም፣ ሦስት ቀን ሙሉ አላስገባ ብሎኝ ነበር። ዩዘርኔሙ ትክክል ነው። ፓስወርዱም ትክክል ነው፤ ፊደል በፊደል ቆጥሬዋለሁ። መልሱ ግን ያው ነው፦ ቶክኑን (የማንነት መለያውን) ማረጋገጥ አልተቻለም። ጫፉ ላይ ክፍት ቦታ ተለጥፎ እንደሆነ አየሁ፤ የለም። መልእክቱ የሚጻፍበትን ኤክስኤምኤል የሚያበላሽ ምልክት ፓስወርዱ ውስጥ ገብቶ ይሆን? እሱም የለም።

ማታ 4 ሰዓት ላይ የላክሁትን መልእክት ከሎጉ፣ ከፕሮግራሙ መዝገብ፣ አውጥቼ መስመር በመስመር አነበብሁት። እኔ በምጠቀምበት መንገድ ፓስወርዱ ራሱ አይሄድም። አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግል ቁጥርና ከተጻፈበት ሰዓት ጋር ተቀላቅሎ ኤስኤችኤ-1 በሚባል የስሌት ወፍጮ ይፈጫል። የሚሄደው ዱቄቱ ነው። ሰዓቱ ግን በግልጽ አብሮ ይላካል። እሱን አየሁት፦ 22:00፣ መጨረሻው ላይ «ዜድ»። ዜድ ማለት የግሪንዊች ሰዓት ነው። እዚያ ደግሞ ገና 19:00 ነበር። የእኛን ሰዓት ጽፌ የእነሱን ማኅተም መትቼበታለሁ። ሰርቨሩ የሚታገሰው 5 ደቂቃ ነው፤ የእኔው መልእክት 3 ሰዓት ቀድሞ ደርሷል። 3 ሰዓት ቀነስሁለት፣ ወዲያው ገባ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የእማዬ በር ነው ትዝ ያለኝ።

እማዬ ከመሸ ዝም ብላ አትከፍትም። «ማነው?» ትላለች። «እኔ ነኝ» ነው መልሱ። ስም አያስፈልግም፣ ድምፅ ይበቃታል። ልጅ ሆኜ አምሽቼ ስመጣ ድምፄን እያወቀችው «ይሄ የሰው ሰዓት ነው?» ብላ ደጅ ታቆመኝ ነበር። ከዚያ የእንጨት መወርወሪያው ሲሳብ ይሰማኛል። ኩራዙን ከፍ አድርጋ ፊቴን ታያለች፣ ከዚያ ትገባለች፣ ተከትያት እገባለሁ።

ለፋሲካ ቢቸና ስሄድ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ አመሸሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ ልጅሽ።»

ዝም አለች። «የትኛው?» አለች።

ስሜን ነገርኋት። መወርወሪያው ተሳበ። «ውይ ልጄ፣ ድምፅህ እኮ ተለወጠብኝ» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ያን ጊዜ ብዙም አላሰብሁበትም።

ጆሮዋ ነው የደከመው ወይስ ድምፄ ነው የተለወጠው? ደውዬ እንዳልጠይቃት፣ ስልክ ስታነሣም መጀመሪያ የምትለኝ «ማን ልበል?» ነው።