ኪስ ውስጥ የምትገባው ሸክላ

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት ደጃቸው ላይ ከዘረጉት አሮጌ ዕቃ መካከል አንዲት ቀጭን የሙዚቃ ሸክላ አገኘሁ። ስፋቷ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ መዳፌ ላይ ልክክ አለች። ጠርዟን ጫን ሳደርገው እንደ ወረቀት ጎበጥ ብላ ተመለሰች። ሴትዮዋ ልጅ ሳሉ በቀሚሳቸው ኪስ ይዘዋት ይዞሩ እንደነበር አጫወቱኝ።

ፊልኮ-ፎርድ የተባለው ኩባንያ ነው ያወጣት፣ በ1967 እ.ኤ.አ.። በየገጿ አንድ አንድ ተወዳጅ ዘፈን ይዛ በ69 ሳንቲም ትሸጥ ነበር። በ1969 ግን ቀረች። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ፣ ዛሬ ዓለም የሚሻማባቸውን የእኛን ሸክላዎች ማሳተም ጀመረ። ይህን ሳስበው ደስም አለኝ፣ ሆዴም ባባ።

ቤት ገብቼ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኳት። መርፌውን የያዘው ክንድ ዘፈኑ ያለቀ መስሎት ገና ከመጀመሩ ይነሳል! ሙዚቃዋ ያለው ሌላው ሸክላ የሚያበቃበት ቦታ፣ መሐሉ አጠገብ ነውና። በመጨረሻ ክንዱን በጣቴ ደግፌ አስኬድኩት። መጀመሪያ የመርፌው መንሿሿት፣ ከዚያም የታፈነ ግን ሞቅ ያለ የወጣት ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ትንፋሼን ይዤ ሰማሁ።

ነገ ሴትዮዋን ቡና ጠርቻቸዋለሁ። እሳቸውም ይስሟት።