በ37 ዓመቴ ያወጣሁት የልደት ምስክር ወረቀት

የተወለድኩት ጥቅምት 12 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። እናቴ ቀኑን ከወሩ ሚካኤል ጋር አያይዛ ስለምታስታውሰው በቤታችን አከራክሮ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በየትኛውም የመንግሥት የልደት መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ አገር እንድሄድ ሲመርጠኝ ፓስፖርት ማውጣት ነበረብኝ፤ ለፓስፖርት ደግሞ ከነዋሪነት መታወቂያ ጋር የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ጉዳዩን በአንድ ጠዋት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር፤ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀብኝ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ ያለቀው ሰልፍ በመያዝ ሳይሆን፣ ለዓመታት በመሳቢያ ያስቀመጥኳቸውን ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ለማስማማት በመመላለስ ነው።

የእኔ እኩዮች አብዛኞቻችን ይህ ሰነድ ሳይኖረን የኖርነው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚሰፍሩበት መዝገብ፣ በርካታ አንቀጾች ቢኖሩትም ድንጋጌዎቹ በሥራ ላይ ሳይውሉ ለአሥርት ዓመታት ቆይተዋል። በአዲስ አበባ የልደት ወረቀት የቸገረው ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ያወጣ ነበር እንጂ፣ ልጅ በተወለደ ቁጥር ወዲያው የማስመዝገብ ልማድ አልነበረንም። ይህን የለወጠው የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚወለድ ሕፃን በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት የተወለድን ሰዎች ግን «ነባር» በሚለው ክፍል እንስተናገዳለን። የነባር ጉዳይ ከሕፃን ጉዳይ የሚከብደው፣ መዝጋቢው ከብዙ ዓመት በፊት የሆነውን ነገር በእጁ ባለው ማስረጃ ብቻ አምኖ መፈረም ስላለበት ነው። ይህን አስቀድሜ ብረዳ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በቂ ማስረጃ ሳልይዝ አልሄድም ነበር።

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይቼ ነው። ወደ ወረዳችን የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የሄድኩት መታወቂያዬን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የዲግሪዬን ኮፒ ይዤ ነው። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ግን ወረቀቶቼን ከማየቷ በፊት የነዋሪነት ማኅደሬን ከመደርደሪያ አስወጣች። ትልቁ ትምህርት ያገኘሁት ከዚህች ቅጽበት ነው። ወረዳው ስለ ልደቴ የሚጠይቀው መጀመሪያ እኔን ሳይሆን ማኅደሬን ነው፤ በማኅደሩ ያለው የቤተሰብ ቅጽ የአባትን፣ የእናትንና የልጆችን ስም ይዟልና፣ እኔ የምናገረው ከዚያ ጋር ካልገጠመ ምዝገባው አይቀጥልም።

የእኔ ማኅደር ደግሞ ጎደሎ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ያ የከተማው ክፍል ሲፈርስ ቤተሰባችን ተበታተነ፤ እናቴ ከእኅቴ ጋር ኮንዶሚኒየም ገባች፣ እኔም ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ አውጥቼ ወደ አዲሱ ተዛወርኩ። መሸኛው ስሜን፣ ዕድሜዬንና የጋብቻ ሁኔታዬን ይገልጻል እንጂ የወላጆቼ ስም ያለበት ቅጽ አብሮት አልመጣም ነበር። ስለዚህ ከአዲሱ ወረዳ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቀድሞው ሄድኩ፤ እዚያም የድሮው ማኅደር ተፈልጎ እስኪገኝ አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ። ሰፈር የፈረሰበት ሰው ማኅደሩም ከሰፈሩ ጋር ጉዞ ላይ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። መሸኛ የሚያወጣ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ቅጹ ኮፒ በማኅተም ተረጋግጦ እንዲሰጠው በዚያው ዕለት ቢጠይቅ ኖሮ ስንት ሰው ከምልልስ ይድን ነበር! እኔ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ የነገረኝም ሰው አልነበረም።

ቅጹ ሲገኝ ሌላ ነገር አብሮ ተገኘ። በእናት ስም ቦታ ላይ የተጻፈው «እቴቴ» የሚለው የቤት መጠሪያ ነበር፤ የአባቷም ስም አልነበረበትም። እናቴን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት በዚህ ስም ነው። በዘመኑ ቅጹን የሞላው ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግብ እንደነበር ትናገራለች፤ እርሷ ገበያ ሄዳ ስለነበር ስሟን የነገረችው ጎረቤት ናት። ይህ ስም ከሠላሳ ዓመት በላይ በመዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ሲኖር ማንንም አልጎዳም። በልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ ቢሰፍር ግን እናቴ በመታወቂያዋ ካለችው ሴት ጋር አንድ መሆኗን ላረጋግጥ የምችልበት መንገድ አይኖረኝም ነበር።

እናቴን ይዤ ሄድኩ። ጉልበቷን ስለሚያማት በታክሲ ወስጄ ደረጃውን ደግፌ አወጣኋት። የክብር መዝገብ ሹሙ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወንበር ሰጧትና «እማማ፣ ሙሉ ስምዎን ከነአባትዎ ከነአያትዎ ይንገሩኝ» አሏት። እርሷም ስሟን ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች ተናገረች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከነአያቷ ስሟን ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሹሙ መታወቂያዋን ከቅጹ ጋር አስተያዩ፣ ማመልከቻ እንድጽፍ አዘዙኝ፣ እናቴም «እቴቴ» የተባለችው ራሷ መሆኗን አረጋግጣ ፈረመች። እናት በሕይወት ባትኖር ይህ ጉዳይ ምን ያህል ይረዝም እንደነበር ሳስብ አሁንም ልቤ ይደነግጣል። ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ስማቸው በቤተሰብ ቅጽ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ሄዳችሁ እዩ፤ ከልቤ የምለምነው ይህን ነው።

የተወለድኩበትን ቀን ለማስረዳት ሆስፒታሉን ጠይቄ የዚያን ዘመን መዝገብ ማግኘት አልተቻለም። የረዳኝ ከእናቴ ሣጥን የወጣው የክርስትና ካርዴ ነው። በካርዱ ላይ ያለው የጥምቀት ቀን ኅዳር 21 ቀን 1980 ዓ.ም. ይላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ከጥቅምት 12 ጀምሮ ሲቆጠር አርባኛው ቀን ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ላይ ይውላል። ሹሙም በጣታቸው ቆጥረው ሲገጥም አይተው ተቀበሉት። የእናቴ ትዝታና የካህኑ ብዕር በአንድ ቀን ሳይዛነፉ መገናኘታቸው ደስ አሰኘኝ።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ያለቀ ሲመስለኝ ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የምታስቸግር ስሕተት ገጠመችኝ። ምስክር ወረቀቱ የሚዘጋጀው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀኑ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይለወጣል። ከመታተሙ በፊት እንዳነበው በተሰጠኝ ረቂቅ ላይ የተጻፈው ኦክቶበር 22 ቀን 1987 ነበር። በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 12 በእርግጥ ኦክቶበር 22 ላይ ይውላል፤ በ1980 ግን አይውልም። ከእርሱ በፊት የነበረው 1979 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የነበረችበት ዓመት በመሆኑ፣ የ1980 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው፤ ስለዚህ ቀኑ በአንድ ወደፊት ይገፋል፣ ይህም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ይዘልቃል። ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 23 ነው፤ በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ ያለውም ይኸው ነው። ጉዳዩን በትሕትና አስረድቼ የፋይዳውን ኮፒ ሳሳያቸው ወዲያውኑ አስተካከሉልኝ። ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ቢሆን ኖሮ ግን ማስተካከያው ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ይሆን ነበር። በ1976፣ በ1980፣ በ1984፣ በ1988 እና እንዲህ በየአራት ዓመቱ በሚመጡት ዓመታት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ የተወለደ ሰው ይህችን አንዲት ቀን ሳያረጋግጥ ባይፈርም ይሻለዋል።

በዚያው ረቂቅ ላይ የአያቴ ስም በላቲን ፊደል የተጻፈው በዲግሪዬ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ይለይ ነበር። በአማርኛ ያው ስም ነው፤ በውጭ አገር ግን አንድ ፊደል ሰውን ሁለት ሰው ያደርገዋል። አሁን ወረዳ ለሚሄድ ሰው ሁሉ የምመክረው፣ ስሙ በፋይዳው፣ በትምህርት ማስረጃውና በባንክ ደብተሩ ላይ በላቲን እንዴት እንደተጻፈ አስተያይቶ፣ የሚፈልገውን አጻጻፍ በአንድ ንጹሕ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፎ ይዞ እንዲሄድ ነው። መዝጋቢው ስምህን በጆሮው ሰምቶ ከሚጽፈው ይልቅ ዓይኑ ያየውን ይገለብጣል።

ከግቢው በር ውጭ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ አጠገብ፣ ጉዳዬን በአንድ ቀን እንደሚያስጨርስልኝ የነገረኝ ደላላ ነበር። የሥልጠናው ቀን ስለቀረበ ልቤ አላመነታም አልልም። ነገር ግን ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቶ መመዝገብ በሕግ የሚያስቀጣ ከመሆኑም በላይ፣ በመዝገብ ላይ የሌለ ምስክር ወረቀት ማረጋገጫ ሲጠየቅበት ባዶ ወረቀት ነው። የአገልግሎቱን ክፍያ በመስኮቱ ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ፤ ደረሰኙንም እስካሁን ከሰነዱ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ምስክር ወረቀቱ በእጄ ሲገባ የኮፒ ቤቱ ልጅ ላሚኔት ላድርግልህ አለኝ። አላደረግኩም፤ እናንተም አታድርጉ። ሰነዱ በውጭ አገር የሚያስፈልግ ከሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ የማረጋገጫው ማኅተምም የሚያርፈው በሰነዱ በራሱ ላይ ስለሆነ በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ችግር ይሆናል። ኮፒውን አሽጉ፣ ዋናውን በጠንካራ ፖስታ ውስጥ አኑሩ።

ግንቦት ላይ ሴት ልጃችን ተወለደች። ከሆስፒታሉ ስንወጣ የተሰጠንን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ከዳይፐሩና ከልብሱ ለይቼ በደረት ኪሴ ያዝኩት። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እኔና ባለቤቴ መታወቂያዎቻችንንና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን ይዘን፣ ሕፃኗንም ታቅፈን ወደዚያው ቢሮ ሄድን። ስሞቻችንን በአማርኛና በላቲን ፊደል ጽፌ የያዝኩትን ወረቀት ሰጠሁ፤ ባለቤቴ ረቂቁን መስመር በመስመር አነበበች፤ ቀኑን እኔ ቆጠርኩ። ከምሳ ሰዓት በፊት ጨርሰን ወጣን፤ ከዚያም ታክሲ ይዘን፣ እናቴ የልጅ ልጇን የምስክር ወረቀት በዓይኗ እንድታየው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄድን።