የቱ ጥድ?

ኢኮሎጂስት ነኝ ስል ደሴ ያሉ ዘመዶቼ እስከዛሬ "ታዲያ ቀይ ቀበሮ አየሽ?" ይሉኛል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማየው መሬት ነው፣ ተንበርክኬ ቡቃያ ስቆጥር። ማስተርሴን ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ፣ አሁን ያስቀኛል፣ ያኔ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በእግሬ ወርጄ ልጥፋ ብዬ ነበር።

ደኑ ከኮምቦልቻ በላይ ነው፣ ስሙ ይቅር። አንዱ ጎኑ የድሮ ደን ነው፣ ወይራና ጥድ፣ ሌላው ጎን ሰው የተከለው። ጠዋት ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ጃኬት ለብሼ እነሳለሁ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ስደርስ አወልቃለሁ፣ ከዛ ተራራውን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ መልሶ ያስለብሰኛል። ሥራው ራሱ ቀላል ነው፣ 20 በ20 ሜትር በገመድ ትከልላለህ፣ ትልልቁን ዛፍ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ትለካለህ፣ ቡቃያውን ደግሞ ውስጡ በምትከለል ትንሽ ፕሎት ትቆጥራለህ። የኔ ጉዳይ ቡቃያው ነበር። ወይራ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ጥድ ግን ከተቆረጠ አለቀለት፣ ከዘር ካልበቀለ ተተኪ የለውም።

ሁለት ልጆች ይረዱኝ ነበር፣ ጎበዞች ናቸው፣ እነሱ ይጠራሉ እኔ እጽፋለሁ። "ወይራ!" "ጥድ!" "ጥድ!" "አጋም!" ማታ ቤት ገብቼ ኤክሴል ላይ ጥድ የሚለውን ሁሉ ባንዴ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ወደሚል ሳይንሳዊ ስም ቀየርኩት፣ በቃ አንድ ክሊክ። ውጤቱ ሲወጣ ደስታዬን አልችለውም፣ ቡቃያው እንደ ጉድ ነው፣ ግራፉ ልክ መማሪያ መጽሐፍ ላይ እንዳለው። አድቫይዘሬም "ቆንጆ ዳታ ነው" አለኝ። "ጥዱ ራሱን እየተካ ነው" ብዬ ማጠቃለያ ጻፍኩ፣ አስቡት ይሄ ወረቀት ደን የሚያስተዳድር ሰው እጅ ቢገባ፣ እንግዲያው ምንም ማድረግ አያስፈልግም ማለት እኮ ነው።

ከዛ ውጤቱን ለአካባቢው ሰው ለማስረዳት ስብሰባ ተጠራ። ተናግሬ ስጨርስ ደኑን ለዓመታት የጠበቁ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

"አንች ልጅ፣ የቱ ጥድ?"

"ጥድ ነዋ ጋሼ" አልኩ።

"የሀበሻው ነው የፈረንጁ?"

ሰዉ ሳቀ። እኔ ፊቴ ጋለ።

ልዩነቱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እኔ የጻፍኩት ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የሀበሻው ጥድ ነው። የፈረንጅ ጥድ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ ነው፣ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ፣ ለጣውላ ብሎ ሰው ያመጣው። ፍሬው እንደ እንጨት የደረቀች ኳስ ናት፣ የሀበሻው ግን ለስላሳ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ አለው፣ ወፍ በልታ ነው የምትዘራው። ትልቅ ዛፍ ላይ ፍሬ አይተህ ትለያለህ፣ ጣት የምታህል ቡቃያ ላይ ግን ምን ፍሬ አለ፣ ሁለቱም መርፌ መርፌ ነው የሚመስሉት። ልጆቹ ደግሞ አልዋሹም፣ ሰፈራቸው ሁለቱንም ጥድ ነው የሚለው፣ ሲያስፈልግ ነው "የፈረንጅ" የሚጨመረው። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የተተከለው ደን እዛው አጠገብ ቆሞ እያየሁት፣ ዘሩን ንፋስ እንደሚያመጣው እያወቅሁ!

ስብሰባው ሲያልቅ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። "አብሽሪ፣ ነገ እንወጣለን" አሉኝ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ደግነቱ የየፕሎቱ ጂፒኤስ ነጥብ ነበረኝ (ይሄን እንኳን በደንብ ሠርቻለሁ)፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዝናብ እየተንሸራተትን ሁሉንም ዞርን። እሳቸው ቅጠሉን ጣታቸው መሀል ፈተግ አድርገው ያሸታሉ፣ ቀጥሎ እኔንም ያስሸትቱኛል፣ "ይሄ ያንችኛው አይደለም" ይላሉ። መጀመሪያ አላመንኳቸውም፣ እያንዳንዱን በሌንስ አያለሁ፣ ናሙና ጋዜጣ መሀል አድርጌ እየጫንኩ ቤተ ሙከራ ወስጄ አመሳክራለሁ። አፍንጫቸው ከኔ ሌንስ ይፈጥናል። ከተተከለው ጎን ራቅ ባሉት ፕሎቶች ትንሽ የሀበሻ ጥድ አገኘን፣ ጠረፉ ላይ ያለው ግን አብዛኛው የፈረንጅ ነበር። ግራፌ ፈረሰ፣ ማጠቃለያዬም ተገለበጠ፣ አድቫይዘሬ ለሁለት ቀን ስልክ አላነሳም።

የመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ፕሎት ላይ ገመዱን እየጠቀለልኩ ነው፣ ሽማግሌው አንድ ግዙፍ ጥድ ስር ተቀምጠው ሽቅብ እያዩ "ይሄ ወንድ ነው፣ አያፈራም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የሀበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ለብቻው ሴቷ ለብቻዋ ነው የሚቆሙት፣ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ።

"ለመሆኑ ስንት ሴት አለ ብለሽ ጽፈሻል?"

ቅጼን አየሁት። እንደዛ የሚል ዓምድ የለውም። ገልብጬ ጀርባው ላይ ማስመር ጀመርኩ፣ እሳቸው ደግሞ ዱላቸውን አንስተው ወደ መጀመሪያው ፕሎት መንገድ ጀመሩ።