የልጁን ዕድሜ ከፋይል አትቅዱ

በሕፃናት ዕድገት ሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪዬን በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ ብዬ ጀምሬ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሦስተኛው ዓመት የባከነው በትምህርቱ ክብደት ሳይሆን፣ ማንም ባላስጠነቀቀኝና እኔም ቀላል ነው ብዬ በናቅሁት አንድ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከኋላዬ ለሚመጡ ተማሪዎች ይህን ጽፌያለሁ።

ስለ መግቢያው ብዙ የምለው የለም። እኔ ስገባ ፈተናውን ያወጣው ትምህርት ክፍሉ ራሱ ነበር፤ ዛሬ ግን ጋት የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የልጅ ዕድገት ሊቃውንት የሆኑትን ፒያዤን፣ ቪጎትስኪንና ብሮንፈንብሬነርን በማንበብ፣ ስታቲስቲክስ በመማርና የጥናት ሐሳብ በማዘጋጀት አለፈ። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ፈቃዱን ሳያንገላታኝ ሰጠኝ።

ርእሴ አዲስ አበባ ውስጥ በኬጂ የሚማሩ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች የቃላት ዕውቀት ነበር። ለልጁ አራት ሥዕሎች ይቀርቡለታል፣ ቃል ይጠራለታል፣ እርሱም ትክክለኛውን ሥዕል በጣቱ ያሳያል። ያንግ ላይቭስ የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት የዚህ ዓይነቱን የፒቦዲ ፈተና በኢትዮጵያም ሠርቶበታል። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው ግን የልጁ ዕድሜ በወር ሲታወቅ ብቻ ነው፤ በ5 ዓመት ልጅ ላይ የአንድ ዓመት ስሕተት ማለት የሕይወቱ አንድ አምስተኛ ነውና።

እኔ የልጆቹን የትውልድ ቀን የወሰድሁት ከትምህርት ቤቶቹ ፋይል ነው። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ዕድሜ በሕጋዊ ሰነድ ይረጋገጥ ይላል። እናቶችን ለማነጋገር ተጨማሪ ደብዳቤ ስጠይቅ ደግሞ፣ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ «ሰነድ እያለ አፍ ምን ያደርግልሻል?» ብለው መለሱኝ። ያን ቀን አለመከራከሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መረጃውን ሰብስቤ ስተነትን፣ በፋይል ከፍ ያለ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ከታናናሾቻቸው ያነሰ ውጤት አመጡ። አማካሪዬ የፈተናው ቃላት አተረጓጎም ላይ ችግር አለ አሉኝ፤ እኔም አምኜ ቃላቱን አንድ በአንድ ሳስተካክል፣ ሥዕሎቹን ስቀያይር ሁለት ወር ሙሉ ደከምሁ። ፈተናው ምንም አልነበረበትም።

እውነቱ የተገለጠው በአጋጣሚ ነው። በግንቦት ልጅዋን ልትወስድ ከመጣች አንዲት እናት ጋር የኬጂው በር ላይ ቆመን ስንጫወት፣ ልጅቱ የተወለደችው በ2009 ዓ.ም. የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ መሆኑን ነገረችኝ። በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ግን የተጻፈው ጥቅምት 2008 ነበር። ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ያንድ ዓመት ክፍያ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነው፤ በዕድሜዋ ካስመዘገብኋት ዝቅተኛው ክፍል ይጨምሯታል» አለችኝ። ስለዚህ በፈተናው ቀን 6 ዓመት ከ2 ወር ናት ያልኋት ልጅ 4 ዓመት ከ10 ወሯ ነበር።

የልደት የምስክር ወረቀት አለ እንዳትሉኝ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢወጣም ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ እኔ ካየኋቸው የምስክር ወረቀቶች ብዙዎቹ ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል፣ ወላጁ በተናገረው ቀን የተሞሉ ነበሩ። ሰነዱም ያው ከአፍ የመጣ ነበር፤ ልዩነቱ ማኅተም ማረፉ ብቻ ነው።

ቀሪውን የግንቦትና የሰኔን ወር በየቤቱ እየዞርሁ እናቶችን ጠየቅሁ። ጥያቄው «መቼ ተወለደ?» ከሆነ የምታገኙት የፋይሉን ቀን ነው። «ክርስትና መቼ ተነሣ?» ማለት ይሻላል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ ቀኑ ካልተላለፈ በስተቀር መጋቢት 10 የተጠመቀ ወንድ ልጅ ጥር 30 አካባቢ ተወልዷል ማለት ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ከረመዳን ወይም ከአረፋ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ፤ በዓላቱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድሙ ግን ዓመተ ምሕረቱን ሳታረጋግጡ አትለፉ። ከዚያ የክትባት ካርዱን ተመልከቱ፤ ፔንታ የሚባለው ክትባት የመጀመሪያው በ6 ሳምንት፣ ኩፍኝ በ9 ወር የሚሰጥ ስለሆነ፣ የእናቲቱ ቃልና ካርዱ ከተስማሙ ፋይሉን ተዉት። መመሪያው የሚለው ሌላ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከመመሪያው ይልቅ እናቶችን አምናለሁ።

አንድ ሌላ ስሕተት ደግሞ የራሴው ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ ወሩን እንዳለ ትቼው ስለነበር፣ ጥር 5ኛ ወር ነው በሚል ሜይ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በጥር የተወለዱት ልጆች ዕድሜ በአራት ወር አንሶ ተገኘ። ሁሉንም ቀን በአንድ አቆጣጠር ብቻ መዝግቡ።

ዕድሜው ሲታረም ውጤቱ ተስተካከለ፤ የመመረቂያው ጊዜ ግን አልፎኝ ነበር። በመስከረም 2015 ያቺ ልጅ በ5 ዓመት ከ7 ወሯ አንደኛ ክፍል ገባች፤ አስተማሪዋም ትምህርት አይገባትም ማለቷን ሰማሁ። ምስጢር ልጠብቅ ፈርሜ ስለነበር ትክክለኛውን ዕድሜዋን እኔ መናገር አልቻልሁም። እናቷ እንድትናገር ለመንኋት፤ ወደ ኬጂ ይመልሱብኛል ብላ ፈርታ ዝም አለች።