አመዱ ቅጠሉ ላይ አይቀርም
እንጅባራ አካባቢ ጓሮ ያለው ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ድንች እሺ ይላል፣ ቀይ ሥር ግን እምቢ። የኔም ቀይ ሥር ጣት ሳያክል ነበር የሚቀረው። ፍግ ብጨምርለትም ያው ነው።

አፈሩን አስመረመርኩ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.9! ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ተይዞ ይቀራል። ፍጉ ብቻውን ያላዋጣው ለዚህ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ካልሲየሙ እየታጠበ ስለሚሄድ የብዙዎቻችን ጣጣ ነው።

መፍትሔዬ አሲዱን የሚቀንስ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሆነ። የግድግዳውን ኖራ እንዳታስቡት፤ እሱ ያቃጥላል። ከመትከሌ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብዬ በተንኩትና አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሬ ከአፈሩ ጋር አዋሃድኩት። ላይ ላይ ከቀረ ወደ ታች ለመዝለቅ ዓመታት ይፈጅበታል። የድንቹን መደብ አልነካሁም። ድንች አሲድ ይችላል፤ ኖራ ሲበዛበት ግን ልጡ እከክ ያወጣል።

ጎመኑ ሲያምርበት ክሽክሽ መጣ፤ ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። ቅጠሉን ስገለብጠው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ጎረቤቴ «ልጄ፣ አመድ ነስንስበት» አሉኝ። እውነትም ይረዳል። ግን አመድ ዝናብ ሲመታው አፈር ውስጥ ይገባል፣ ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ እንደ ኖራ እቆጥረዋለሁ፤ አመድ በብዛት የወረደበት መደብ በዚያ ዓመት ኖራ አያገኝም። ድንች አጠገብም አልነሰንስም። ተባይና አፈር ለየብቻ የሚያዙ ጉዳዮች አይደሉም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን በቅድሚያ የተጠቀለለውን ቅጠል ቆርጬ አስወግዳለሁ፣ የቀረውን በውሃ አጥባለሁ። ካልበቃ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጬ አሳድራለሁ፤ አጥልዬ ትንሽ ሳሙና እጨምርበትና ሲመሽ ከቅጠሉ ሥር እረጨዋለሁ። ከመርጨቴ በፊት ግን ቅጠሉን በደንብ አያለሁ። ጠቆር፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያላት ትል ካለች አልረጭም። የቀይዋ ጥንዚዛ ልጅ ናት፤ ክሽክሹን የምትበላልኝ እሷ ናት። ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል፣ ያሳዝናል።

ባለፈው ምርመራ ፒኤቹ 5.8 ደርሷል። 6.5 ሲጠጋ ኖራውን አቆማለሁ፤ ከመጠን ካለፈ ዚንክና ብረት ለተክሉ አይደርሱም።