በጾም የተዘፈዘፉ አራት ጠርሙሶች

አምና ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዬን የሎሚ ሊከር ሞክሬ ነበር። አልተበላሸም። ጎደለ። ማታ ማታ «ደርሶ ይሆን?» እያልኩ በማንኪያ ስቀምስ ስቀምስ በአሥረኛው ቀን ጠርሙሱ ተጋምሶ አገኘሁት። ስኳሩን እንኳ ገና አልጨመርኩበትም ነበር።

ዘንድሮ ዘዴ ፈጠርኩ። ቅበላ ላይ ዘፍዝፌ ፋሲካ ላይ ልከፍት ወሰንኩ። በዐቢይ ጾም መጠጥ ስለማልቀምስ 55 ቀን ሙሉ እጄ አርፎ ይቀመጣል ብዬ። ያላሰብኩት ነገር ግን አለ። ሳይቀምሱት መድረሱ በምን ይታወቃል? የማካፍላችሁ ነገር ባብዛኛው ይኸው ነው።

ለማታውቁት፣ ሊከር ማለት ጠንከር ያለ መጠጥ ላይ ፍራፍሬ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ በስኳር ሽሮፕ ማጣፈጥ ነው። እንደ ጠጅ መጣል የለ፣ እንደ አረቄ ማውጣት የለ። ምድጃ የሚነካው ሽሮፑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የዘፈዘፍኳቸው ሎሚ፣ ዘይቱንና ቡና ናቸው። መነሻ መጠጦቼ ሁለት ናቸው። ለሎሚውና ለዘይቱኑ ከሱቅ የታሸገ 40 በመቶ ቮድካ ገዛሁ። ለቡናው አክስቴ የምታወጣውን የዳጉሳ ዳግም አረቄ ለመንኩ። ስትሰጠኝ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት። ሰማያዊ ነበልባል ማንኪያው ላይ ተንቀለቀለ። «አየሽ? ውሃ የለበትም» አለችኝ። ለምን እንደፈለግኩት ስትሰማ ፊቷ ተቀየረ። «ስኳር ልትጨምሪበት? ምነው ልጄ፣ ሁለት ጊዜ አውጥቼው?»

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። ክብሪት ጥንካሬውን እንጂ ንጽሕናውን አይናገርም። ሜታኖልም ይነዳል፤ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም። የአክስቴን እጅ ከልጅነቴ ስለማውቀው ነው የተጠቀምኩት። ያወጣውን ሰው ካላወቃችሁ የታሸገ ግዙ። ከፋርማሲ የሚሸጠውን የቁስል አልኮልማ ጭራሽ አታስቡት።

ሎሚውን ከቅዳሜ ገበያ 14 ፍሬ ገዛሁ። ሻጯ የዘጌ ነው አለችኝ። የዘጌን ሰዎች ብትጠይቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ተሰብሮ በቅሎ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ብለው ይተርኩላችኋል። ሎሚውን ስልጥ ይሄ ትዝ አለኝና ሳቅኩ። ቡናው ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ ጌሾው በአክስቴ አረቄ በኩል መጥቷል፣ ሎሚው ደግሞ እጄ ላይ። ሦስቱም እኔ ኩሽና ተሰበሰቡ።

ለሊከር የሚፈለገው የሎሚው ጭማቂ ሳይሆን ልጣጩ ነው። እሱም ላይ ላዩ፣ ቀለም ያለው ብቻ። ሽታው ያለበት ዘይት እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ነጩ ይመርራል። የኛ ሎሚ ደግሞ ቆዳው ስስ ነው፣ ይቅርታ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በቢላ ስልጥ ነጩን ይዞ መጣ። እያየሁት ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። «ሁለት ሎሚ ምን ያመጣል» ብዬ። የቀሩትን በድንች መላጫ፣ እጄን አቅልዬ ላጥኩ። ጭማቂው ለጾም ሰላጣ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባሕር ዳር በዚህ ወቅት ትሞቃለች። ከቤቴ ቀዝቀዝና ጨለም ያለው ቦታ አልጋ ሥር ስለሆነ ጠርሙሶቹ እዚያ ገቡ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አወጣቸዋለሁ። ነቅነቅ አድርጌ በመስኮቱ ብርሃን አያቸዋለሁ።

በጾሙ የመጀመሪያ እሑድ፣ ዘወረደ ላይ፣ ቮድካው አረንጓዴ መስሎ ነበር። ቅድስት ላይ ቀለሙ ጠነከረ፣ ልጣጩ ግን ገረጣ። ምኩራብ ላይ አንድ ልጣጭ በሹካ አውጥቼ በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ስገዛው እንደ ጎማ ይተጣጠፍ የነበረው፣ አሁን ሳጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ነጣ ብሎ እንደ ደረቀ ወረቀት ሆኗል። ለአፍንጫዬ ባስጠጋው ሎሚ መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል። ያለውን ሁሉ ለቋል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ቢቆይ የሚቀረው ምሬቱ ብቻ ነው። ያኔውኑ አጠለልኩት።

ሽሮፑ ቀላል ነው። ለአንድ ጠርሙስ፣ ማለትም ለ750 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 300 ግራም ስኳር በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟሁ። በደንብ ቀዝቅዞ ነው የሚጨመረው። ትኩሱን ካፈሰሳችሁበት አልኮሉ በከፊል በእንፋሎት ይሄዳል። ስኳሩ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ሽሮፑ ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል። ሲደባለቅ መጠጡ ከ40 ወደ 24 በመቶ አካባቢ ወረደ።

ሽሮፑ ሲገባ መስተዋት የመሰለው መጠጥ በአንዴ ደፈረሰ። ልቤ ቀጥ አለ። ኋላ ግን ኡዞ የሚባለው የግሪክ መጠጥ ውሃ ሲነካው የሚነጣው ትዝ አለኝ። ነገሩ አንድ ነው። ዘይቱ ጠንካራ አልኮል ውስጥ ሟሙቶ ይደበቃል፤ ውሃ ሲበዛበት በጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ብልሽት አይደለም። እንዲያውም ልጣጩ ብዙ ዘይት እንደሰጠ ምልክት ነው።

ለቡናው ሌላ መላ አስፈለገ፤ ጥቁር ነገር በዓይን አይፈረድም። በግማሽ ሊትር አረቄ ውስጥ 60 ግራም የዘጌ ቡና ቆልቼ፣ ሳልፈጭ፣ ፍሬውን እንዳለ ከትቼ ነበር። ከተፈጨ አተላው አይጠራም። ከአረቄው ጠብታ መዳፌ ላይ አድርጌ እጆቼን አሻሸሁ። አልኮሉ እስኪተን ጠበቅኩና አሸተትኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የሸተተኝ የአክስቴ ማጀት ነው፦ ጭስና ዳጉሳ። በሁለተኛው ሳምንት ቡናው መጣ፣ ጭሱም ከኋላው አለ። በሦስተኛው ትንሽ አመድ አመድ ሲለኝ ፍሬውን አወጣሁ። አንድ ስባሪ ቀረፋም አብሮ ነበር፤ እሱን በሦስት ቀኑ ነው ያነሳሁት። ቀረፋ ካልተቆጣጠሩት ቤቱን ሁሉ ይወርሳል።

ዘይቱኑ አዋረደኝ። ሽታው ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነበር። በጣም የበሰለ መርጬ፣ ከትፌ፣ ቮድካ አፈሰስኩበት። መጻጉዕ ላይ ሳየው ከታች እንደ ዳመና ነገር ተኝቷል። በሻሽ ላጠልል ብል አልወርድ አለኝ። በማንኪያ ሳነሳው ይለጠጣል፣ ይንጠለጠላል። ቁርጥ የተልባ ውሃ! ጎረቤቴ አይታ «ለጾም ተልባ ነው የመታሽው?» አለችኝ። እኔም አልካድኩም።

ምክንያቱ ፔክቲን ነው። ማርማላታን የሚያረጋው ነገር ማለት ነው። ዘይቱን ውስጥ ብዙ አለ፣ አልኮል ሲያገኘው ደግሞ ይረጋል። ሻሹን መጭመቄ ይባስ አበላሸው። መፍትሔ ብዬ ያገኘሁት ትዕግሥት ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ሳልነካው አቆምኩት። ከዚያ ከላይ የጠራውን በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ቀዳሁ። ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ ወጣ። ቮድካ የገዛሁበትን ዋጋ ሳስብ ዝም ማለት ይሻለኛል።

አራተኛው ማንጎ ነው፤ ገበያው ማንጎ በማንጎ ሲሆን በአምስተኛው እሑድ፣ ደብረ ዘይት ላይ የጨመርኩት። ብዙ ወሬ አያሻውም። ቮድካውን ጠጣው፣ ቀለሙን ሰጠኝ። አልጨመቅኩትም፤ ከዘይቱኑ ይህን ተምሬያለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ጾሙ ተፈታ። ሊከሩ የቀረበው ግን ቀን ላይ ነው፣ ከዶሮ ወጡ በኋላ፣ በአረቄ መለኪያ። ሎሚው ጥሩ ነው። ገና አፍ ሳይደርስ ይሸታል። መጨረሻ ላይ ግን ምላስ ሥር የምትቀር ምሬት አለች። ሁለቱ በቢላ የላጥኳቸው ሎሚዎች ናቸው። ስምንት ሳምንት ሙሉ እኔን ሲጠብቁ ነበር። ማንጎው መልኩ ጣዕሙን ይበልጣል። ዘይቱኑን ለእንግዳ አላቀረብኩም።

አክስቴ ቡናውን አንስታ መጀመሪያ አሸተተች። ተጎነጨች። ዝም አለች። እኔ ስለ ስኳሩ ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ጭሴ አልጠፋም» አለች። ሌላው ሰው ማንጎው ላይ ሲከራከር እሷ ቡናውን ሁለቴ አስቀዳች። ስትሄድ የቀረው ጠርሙስ ነጠላዋ ሥር ነበር።

ቮድካ ላይ ቡና አልሞከርኩም፤ መሞከርም አላሰኘኝ። የጭስ አረቄ ለቡና የተፈጠረ ነው። ሎሚ ላይ ብታደርጉት ግን ሁለቱ ይጣላሉ። ከአክስቴ አረቄ የተረፈውን ትንሽ ከሎሚው ጋር አደባልቄ አይቼዋለሁ።

ለሎሚ 55 ቀን እንደማያስፈልግ አሁን ገብቶኛል፤ ልጣጩ የተሰበረልኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ለፍልሰታ አስቤያለሁ። ነሐሴ 1 ይገባል፣ 16 ሲፈታ ይጠለላል። ሁሉም በድንች መላጫ። ዘይቱንን ግን በጾምም በፍስክም አልነካውም።