ከኋላ መቀመጫው ጀርባ

ባለፈው ዓርብ በውልና ማስረጃ የሽያጭ ውሉን ፈርመን ስንወጣ፣ ሻጯ እናት በነጭ መሐረብ የጠቀለሉትን ቁልፍ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኛት የኖርኩት ቮልስ ባለቤት ሆንኩ። መኪናዋ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተርና ባለ አራት ማርሽ ስትሆን፣ ቀድሞ ሰማያዊ እንደነበረች የሚታወቀው በሮቿ ሲከፈቱ ብቻ ነው። ዋጋዋን እዚህ አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ እናቴ እጅ ሊገባ ይችላል። ሁለት ጊዜ የወጣልኝ ዕቁብና የስድስት ዓመት ቁጠባ ሄዶባታል ማለት ይበቃል።

ምኞቱ የጀመረው አባቴ በ1970ዎቹ ከገዟት ነጭ ቮልስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ስለነበረ፣ አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አባቴን «ደግሞ ማንን ልትሸኝባት ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር እናቴ ትነግረናለች። አባቴ ግን የሚሸኙት እኛን ብቻ ነበር፤ በአዘቦት ቀን ወደ ትምህርት ቤት፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያም።

ሦስቱ ታላላቆቼ የኋላውን ወንበር ሲሞሉት ለእኔ የምትተርፈኝ ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ጎድጓዳ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። እናቴ ጋቢ አጥፋ ታነጥፍልኝና እንደ ድመት እጥፍጥፍ ብዬ እገባለሁ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ከእኔ የሚለየው አንድ ላሜራ ብቻ ነበር፤ ሙቀቱና ንዝረቱ በጀርባዬ በኩል ይሰማኛል፤ የቤንዚኑ ሽታ ዛሬም ድረስ ከእሑድ ጋር ተያይዞ ቀርቶብኛል። ፊቴን ወደ ኋላ መስተዋት አዙሬ ስለምቀመጥ ሌሎቹ የሚደርሱበትን ሲያዩ እኔ የማየው የተለየነውን ነው፦ የሚያንስ የቤታችንን አጥር፣ ትንሽ ሮጦ የሚተወንን የጎረቤት ውሻ፣ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ፣ እኛ አልፈናቸው ስንሄድ ቁልቁል እየራቁ የሚጠፉ ሴቶችን። አዲስ አበባን ያወቅኋት ከእኔ ስትሸሽ ነው።

በ1985 ዓ.ም. አባቴ ቮልሷን ሸጠው የቤታችንን ጣሪያ አስቀየሩበት። ማንም አላማከረኝም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ያማክራል! ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከእሷ በታች እንደተኛን አድርጌ አስብ ነበር።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ምርጫዬ አልገባቸውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገንዘብ ያለው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያወራል፤ እኔ ደግሞ ጀርመኖች ራሳቸው በ1978 እ.ኤ.አ. በአገራቸው መሥራት ያቆሟትን ገዛሁ። አንዱ «መለዋወጫ ከየት ታመጫለሽ?» ሲለኝ ሶማሌ ተራ አልኩት። ሌላው የራዲያተር ውሃ በየስንት ቀኑ እንደምጨምርላት ጠየቀኝ፤ የምትቀዘቅዘው በአየር መሆኑንና ራዲያተር የሚባል ነገር እንደሌላት ስነግረው የተታለልኩ መሰለው። አልፈርድበትም። ሰፈራችን ያለው መኪና አጣቢም የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን ሲያጣ ቀና ብሎ በሐዘኔታ ነበር ያየኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ቀን የጠበቅኩት ደስታ አልመጣም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጉልበት አጥሯት ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለስኳት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ውስጥ አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር እንደሚደክም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከኋላዬ የተደረደሩት ታክሲዎች ክላክስ ይህን አያውቅም። መሪውን ይዤ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል፣ አንድ ነገር እንደጎደለኝ ይሰማኝ ነበር። ቤት ደርሼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት የሹፌሩን ወንበር አልነበረም። የተመኘኋት ሥፍራ እዚያው ከኋላ አለች፤ እኔ ግን አሁን አንድ እግሬን እንኳ አጥፌ ልገባባት አልችልም።

እሑድ አባቴን ወደ እንጦጦ ልወስዳቸው ከጊቢ አወጣኋት። የፊተኛውን በር ከፍቼ ስጠብቃቸው «የለም፣ እኔ ኋላ ነኝ» አሉ። ሁለት በር ብቻ ባላት መኪና የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ከዘራ ይዞ ወደ ኋላ መግባት ለሰማንያ ዓመት ሰው ቀላል አይደለም፤ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። «ሞተሩ ያለው ኋላ ነው። ፊት ተቀምጬ ምን እሰማለሁ?»

ዳገቱን ጀምረን ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ። «አንዷ አትመታም። ነገ ካንዴላዎቹን አስፈትሺ።»

«እሺ አባዬ» ብዬ በስፔኪዮ አየኋቸው። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ጆሯቸውን ለሞተሩ ሰጥተው፣ በኋላው መስተዋት የምንተወውን መንገድ እያዩ ነበር።